«ሲስተም የለም» ስንባል ምን ተባልን?

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ አገልግሎት ፈልጎ መስኮት ላይ የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው አንድ መልስ አለ፤ «ሲስተም የለም» የሚል። ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት የሄደ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ካርድ ለማስሞላት የተሰለፈ፣ ንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ከኩታበር ወይም ከወረባቦ ማልዶ የተነሣ፣ ሁሉም ይህንኑ ባለ ሁለት ቃል መልስ ይዞ ይመለሳል። መልሱን የሚሰጠው ሠራተኛ ማብራሪያ አይጨምርም፤ ተቀባዩም ማብራሪያ አይጠይቅም። የጦሳ ተራራ ጉም እስኪገለጥ እንደሚጠበቀው ሁሉ ሲስተሙም «እስኪመጣ» ይጠበቃል።

ነገሩን ከተራ መጉላላት ለይተን እንድናየው የሚያስገድደን፣ መልሱ የሚሰጥባቸው ጉዳዮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ መብዛታቸው ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን ተደርጓል። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ደግሞ በ2015 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶለት የበርካታ አገልግሎቶች በር መክፈቻ እየሆነ ነው። ቀድሞ በመዝገብ፣ በማኅተምና በፊርማ ይፈጸም የነበረው ጉዳይ ሁሉ ወደ ሲስተም በገባ መጠን «ሲስተም የለም» የሚለው መልስም የሚዘጋው በር ይበዛል። ስለዚህ ቃሉ ምን ምን እንደሚል፣ በተለይም ምን እንደሚሸፍን መመርመር የቋንቋ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ አያውቅም። ሥሩ ግን ግሪክ ነው። «አንድ ላይ» የሚል ትርጉም ካለው ቅጥያና «ማቆም» ከሚል ግሥ ተጋጥሞ የተሠራ በመሆኑ፣ ቃል በቃል ሲፈታ «ተጋጥሞ አንድ ላይ የቆመ ነገር» ማለት ነው። በላቲን በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ የዘለቀው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በጥንት ግሪክ የሙዚቃ ሊቃውንት ዘንድ ቃሉ በድምፆች መካከል ያሉ ርቀቶች ተደራጅተው የሚሰጡትን ጥምር ያመለክት ነበር። እኛ ቅኝት ለምንለው ነገር የቀረበ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ወሎ የራሷ ድርሻ አላት፤ ከአራቱ የታወቁ የአገራችን ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ምድር ነው። አንድ ክራር ክሮቹ በሙሉ እያሉለት ቅኝቱ ከተፋለሰ ባቲን አያሰማም። ክሮቹ አሉ፤ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ርቀት ግን የለም። ግሪኮቹ በዚህ ቃል የጠሩት ክሮቹን ሳይሆን ያንን የእርስ በርስ አቀማመጥ ነበር።

እንግሊዝኛ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ በየአቅጣጫው ለጥጦታል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፀሐይንና በዙሪያዋ የሚዞሩትን ፕላኔቶች በአንድነት ጠሩበት። በ1735 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ማዕድናትን፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን በወገን በወገን የደለደለበትን አሠራር ሰየመበት። ሐኪሞች የነርቩን፣ የምግብ መፍጫውንና የደም ዝውውሩን መዋቅር ጠሩበት፤ ከዚያም አልፎ የሰውነት ሁሉ ተለዋጭ ስም ሆነና እንግሊዛዊ አንድን የቆየ ምኞት ፈጽሞ ሲገላገል «ከሲስተሜ አወጣሁት» ይላል። ባቡር ሲስፋፋ የሐዲዱ መረብ፣ ኤሌክትሪክ ሲመጣ የመስመሩ መረብ በዚሁ ቃል ተጠራ። ቁማርተኛ «ሲስተም አለኝ» ሲል የሚያሸንፍበት ስልት አለኝ ማለቱ ነው። ሜትር፣ ኪሎ ግራምና ሴኮንድ የሚገኙበት ዓለም አቀፍ የመለኪያ አሠራርም በ1960 እ.ኤ.አ. የተሰየመው በዚህ ቃል ነው። ኮምፒዩተር የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ አጠቃቀም ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ያለ ምንም ቅጽል፣ «ሲስተሙ» ብለው ብቻ ሲጠሩት፣ ፊት የሌለውን፣ ማንም በግል የማይጠየቅበትን፣ ሰው ግን ከሥሩ ሊወጣ የማይችለውን የሥልጣንና የአሠራር መዋቅር ማለታቸው ነው። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ የማይጣጣሙ ነገሮች አብረው ያድራሉ። በአንድ በኩል ሲስተም ሰው አስቦ፣ ለክቶና ገጣጥሞ የሠራው ነው፤ በሌላ በኩል እንደ ፀሐይና ፕላኔቶች ሰው ያልሠራው፣ በራሱ የሚኖር ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ ሰዎች ሠርተውት ሲያበቁ ማንም እንዳልሠራው ሆኖ የሚገዛ ኃይል ነው። በየመስኮቱ የምንሰማው ቃል ከመጀመሪያው ትርጉም ተነሥቶ በሦስተኛው ያርፋል።

አማርኛ ለዚህ ቃል አቻ አጥቶ አይደለም። ከግዕዙ «ሠርዐ»፣ ማለትም ደነገገ፣ አደራጀ፣ በተራ አስቀመጠ ከሚለው ግሥ የተገኘው «ሥርዓት» የእንግሊዝኛውን ትርጉሞች አብዛኞቹን በሚገባ ይሸከማል። ሥርዓተ ፀሐይ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ የነርቭ ሥርዓት፣ የዘውድ ሥርዓት እንላለን፤ አንዱም አይጎረብጥም። ነገር ግን «ሥርዓት» እንግሊዝኛው የሌለው ሸክም አለበት፤ ግብረ ገብ ተጭኖበታል። «ሥርዓት ያዝ» የተባለ ልጅ ተቆጥተውታል። «ሥርዓት የለውም» የተባለ ሰው ተሰድቧል። ሥርዓተ ቅዳሴ ሲባልም የሚታሰበው ቅደም ተከተሉ ብቻ አይደለም፤ ክብሩና አይነኬነቱም አብሮ አለ።

አሁን «ሲስተም የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ አማርኛ እንመልሰው፤ «ሥርዓት የለም» ይሆናል። ይህን በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠ ሠራተኛ ከአፉ ሊያወጣው አይችልም፤ ካወጣው መሥሪያ ቤቱን ከሰሰ ማለት ነውና። ባለጉዳዩ ግን ሊለው ይችላል፤ ጥቂት ቆሞ ከተበሳጨም ይለዋል። አንዱ በእንግሊዝኛ የሚናገረው፣ ሌላው በአማርኛ የሚናገረው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንደኛው ይቅርታ የማያስፈልገው ማሳወቂያ ሲሆን ሁለተኛው ወቀሳ ነው። በእኔ ግምት የተውሶው ቃል በቢሮዎቻችን እንዲህ የተመቸው አጭር ወይም ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ አገርኛው ቃል ከሚያመጣው ወቀሳ ስለሚያድን ጭምር ነው።

የወሎ ሰው «ሥርዓቱ» የሚለውን ቃል በሌላ ዘመንም ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ተደብቆ ቆይቶ በተገለጠ ጊዜ፣ በተማሪውና በተማረው ዘንድ ተጠያቂ ሆኖ የቀረበው «ሥርዓቱ» ነበር። ያ ቃል ግን ወዴት እንደሚያመለክት ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቁ ነበር፤ የመሬት ስሪቱን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ረሃቡን እያወቁ ዝም ያሉትን ባለሥልጣናት ነበር የሚያመለክተው። «ሥርዓቱ» ጣት መቀሰሪያ ነበር። የዛሬው «ሲስተሙ» ግን ጣቱን ወደ ማንም አይቀስርም።

ተውሶው በአማርኛ ያገኛቸው ትርጉሞች ከእንግሊዝኛው ጥቂት ይለያሉ። በሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚቆመው ድምፅ ማጉያ ሳውንድ ሲስተም ነው። ቢሮ ውስጥ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ፣ ፕሮግራሙ፣ መስመሩና የመረጃ ቋቱ ሁሉም በጅምላ ነው። በወጣቶች አነጋገር ደግሞ «በሲስተም አድርገው» ማለት በዘዴ፣ ሳይነቃብህ፣ ብልጠት ጨምረህ አድርገው ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ቁማርተኛው «ሲስተም አለኝ» ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር ብዙም የራቀ አይደለም፤ ተወርሶ ይምጣ ወይም እዚሁ ይፈጠር እንጂ ኑሮውን በደንብ ይገልጸዋል። በፊት ለፊት መስኮት «ሲስተም የለም» የተባለ ጉዳይ የሚያውቁት ሰው ሲገኝ በጓሮ በር «በሲስተም» ሲያልቅ ያየ ሰው ሁለቱ አጠቃቀሞች ጎን ለጎን የኖሩት በአጋጣሚ እንዳልሆነ ይረዳል።

ወደ መስኮቱ እንመለስ። ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ሲል በትክክል ምን ጎድሎ ሊሆን ይችላል? በጣም ቀላሉ መብራት ጠፍቶ መሆኑ ነው፤ ይህ ለሁሉም የሚታይ ነው፤ የቢሮው ጄኔሬተር ነዳጅ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ የቅርንጫፉ ኃላፊ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የቴሌኮም መስመር መቋረጥ ነው። የደሴ ወይም የወልድያ ቅርንጫፍ ኮምፒዩተር የደንበኛውን ሒሳብ በውስጡ አያኖርም፤ ሒሳቡ የሚገኘው ከማዕከል ሲሆን ቅርንጫፉ በመስመር እየጠየቀ ነው የሚያነበው። ስለዚህ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ቢበጠስ ቅርንጫፉ መብራትም፣ ኮምፒዩተርም፣ ሠራተኛም፣ ካዝናው ውስጥ ገንዘብም እያለው ምንም መሥራት አይችልም። ሦስተኛው የማዕከሉ ሰርቨር ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ሲቆም ነው፤ ያኔ ችግሩ የወሎ ብቻ አይሆንም፤ ከጅማ እስከ ጎንደር ሁሉም ቅርንጫፍ አብሮ ይቆማል። አራተኛውን ሰው ብዙ ጊዜ አይጠረጥረውም፤ መብራቱም፣ መስመሩም፣ ሰርቨሩም ደኅና ሆነው ጉዳዩን የማጽደቅ ፈቃድ በፓስወርዱ የተሰጠው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ወይም ፈቃድ ላይ ሲሆን ነው። ያኔ የጎደለው ሰው ነው፤ የሚነገረን ግን ሲስተም እንደጎደለ ነው።

እነዚህ አራት ጉድለቶች የሚያመሳስላቸው ባለጉዳዩ ባዶ እጁን መመለሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ሰዓት ሊፈታ ይችላል፤ ሁለተኛው ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ሦስተኛውን ለማወቅ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መደወል ይበቃል፤ አራተኛው ተወካይ በመመደብ የሚወገድ ነው። ከለጋምቦ ወይም ከደላንታ የመጣ ሰው የትኛው እንደሆነ ቢነገረው ደሴ ማደር ወይም ወደ አገሩ መመለስ እንዳለበት ይወስን ነበር። አልቤርጎ አድሮ ሲያበቃ በማግሥቱ ያንኑ ቃል ለሚሰማ ገበሬ ልዩነቱ የአንድ ሌሊት ኪራይና የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ስለ አንድ የገጠር አዛውንት የሚነገር የቆየ ቀልድ አለ። የመስኮቱ ሠራተኛ «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ» ብትላቸው «ልጄ፣ ሲስተም የሚባለው ኃላፊ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አሉ ይባላል። ከተሜው ይስቃል። እኔ ግን አዛውንቱ የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛው ይመስለኛል። የጎደለው ነገር ኃላፊ ሊኖረው እንደሚገባ፣ የኃላፊውም የመግቢያ ሰዓት ሊታወቅ እንደሚገባ ገምተው ነው የተናገሩት። የተሳሳቱት በመሥሪያ ቤቱ ላይ እምነት በመጣላቸው ብቻ ነው።

ከ«ሲስተም የለም» ይልቅ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ወይም «ሲስተሙ አይቀበልም» የሚለው። እዚህ ላይ ሲስተሙ አለ፤ እንዲያውም ከመኖር አልፎ ፈቃድና ሥልጣን ያለው ሆኗል። ወሎ ውስጥ ይህ በሰው ስም ላይ በግልጽ ይታያል። መሐመድ የሚለውን ስም በአማርኛ ብቻ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሃመድ እያልን እንጽፈዋለን፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መልኩ ከዚህም ይበዛል። ሰይድ፣ ዓሊ፣ አሕመድ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ሁሉም የዚሁ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ በንባብ አንድ ሆነው በኮምፒዩተር ዘንድ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። የባንክ ደብተሩ ላይ በአንዱ፣ መታወቂያው ላይ በሌላው፣ የቤት ካርታው ላይ በሦስተኛው መልክ የተጻፈለት ሰው ለሲስተሙ ሦስት ሰው ነው። በወረቀቱ ዘመን የቀበሌው ጸሐፊ ያውቀው ስለነበር ሦስቱንም አንድ ሰው አድርጎ ይቀበለው ነበር፤ አሁን «ሲስተሙ አይቀበልም» ይባልና ለስም ማስተካከያ ፍርድ ቤት እስከ መመላለስ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ አለመቀበሉን የወሰነው መሣሪያው አይደለም። ሁለት ስሞች በአንድ ፊደል ቢለያዩ ይለፉ ወይስ ይውደቁ የሚለውን የመረጠ ሰው አለ፤ ሐ እና ሀን እንደ አንድ ቆጥሮ ማነጻጸር የሚያስችል ፕሮግራም መጻፍም ለባለሙያ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ያ ሰው የአማርኛን ፊደል ጠባይ ሳያስብ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ጥንቃቄ ይበልጥብኛል ብሎ ይሆናል፤ ምርጫው የሰው ምርጫ መሆኑ ግን አይቀርም። «ሲስተሙ አይፈቅድም» ስንል ይህን ምርጫ ከመራጩ ነጥቀን ለመሣሪያው እንሰጠዋለን፤ መሣሪያ ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም። የእንግሊዝኛው ቃል ሦስተኛ ትርጉም፣ ማንም ያልሠራው የሚመስለው ገዢ ኃይል፣ በአማርኛ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውም ቃሉ እንዴት እንደሚያገለግል ያሳያል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ወጣ፤ ባንኩም ነገሩ ከውጭ የመጣ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ። በሕዝቡ አፍ ግን የድርጊቱ ስም «የሲስተም ችግር» ሆኖ ቀረ። ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ያን ሌሊት ሲስተሙ ነበረ፤ የታዘዘውን ሁሉ እየፈጸመ በትጋት ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ያልመለሱ ግለሰቦች ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በይፋ ተለጠፈ። በአንዱ ወገን ስምና ፎቶግራፍ ያለው ሰው፣ በሌላው ወገን «ሲስተም» ቆመው ታዩ። ተማሪዎቹ የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ መውሰዳቸውን ማስተባበል አይቻልም፤ የቃሉ ሚዛን ግን ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉንም ማስተባበል አይቻልም።

በወሎ የመስመር መቋረጥ ሌላም ታሪክ አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ መብራትም፣ ስልክም፣ ባንክም አብረው ቆሙ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። በእነዚያ ጊዜያት «ሲስተም የለም» የተባለው ነገር ብልሽት አልነበረም፤ አንዱ የጦርነት ውጤት ነበር፣ ሌላው ውሳኔ። የተበላሸ ነገር ይጠገናል፤ የተዘጋ ነገር ግን የሚከፈተው የዘጋው ሲፈቅድ ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል ሲጠሩ ውሳኔው ብልሽት መስሎ ያልፋል።

የግሪኩን «ተጋጥሞ የቆመ» የሚል ፍቺ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ኮምቦልቻ ይሂድ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር መስመር ሐዲዱ በአብዛኛው ተነጥፎ፣ ዋሻውና ድልድዩ ተሠርቶ፣ ጣቢያው ቆሞ ሳለ የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በወቅቱ ሳይደርስለት ዓመታት አለፉ፤ በኋላም ጦርነቱ ጉዳት ጨመረበት። ክፍሎቹ ሁሉ ስም፣ ዋጋና ተቋራጭ ነበራቸው። መጋጠማቸው ግን ባለቤት አልነበረውም።

ኮምፒዩተር የሌለበት፣ ተጋጥሞ ግን የቆመ አሠራር ወሎ ውስጥ የለም ማለት አይቻልም። በሌላው አገር እድር የሚባለው በወሎ ገጠር ቅሬ ይባላል። ሰው ሲሞት ማን መርዶ እንደሚያደርስ፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ለእንግዳ እህልና ውኃ ከየትኛው ቤት እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ያጎደለ ሰው ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበሩበት መንደርም ብዙ ነው። በዚህ አሠራር ውስጥ «ቅሬው የለም» ብሎ ለቅሶ ላይ የሚናገር አይገኝም። ሊባል የሚችለው «እገሌ ቀርቷል» ነው። ቅሬን ከባንክ መረጃ ማዕከል ጋር ማወዳደር አግባብ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ በስፋታቸውማ አይወዳደሩም። ጥያቄው ግን አንድ ነገር ሲጎድል የጎደለው በስሙ ይጠራል ወይ የሚል ነው፤ ይህ ጥያቄ በስፋት አይወሰንም።

የቃል ትርጉም ጉዳይ ለወሎ እንግዳ ሊሆን እንደማይገባ አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ ታስታውሰናለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መነጋገር «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር፤ የኢጣሊያንኛው ቅጅ ግን ይህን ግዴታ አደረገው። የዚያ ልዩነት መጨረሻ ዐድዋ ነው። የዛሬው ጉዳያችን በክብደት ከዚያ ጋር አይለካም፤ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል፤ ማን ግዴታ እንዳለበት የሚወስነው የቃሉ አፈታት ነው።

እዚህ ላይ ተውሶውን እናግድ፣ በምትኩ ሌላ ቃል እንፍጠር የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። አይመስለኝም። ሲስተም የሚለው ቃል በአማርኛ ውስጥ ቤቱን ሠርቷል፤ ባቲ ገበያ ላይ ፍየል የሚሸጥ ሰው ሳይቀር ይጠቀምበታል፤ በአዋጅ አይወጣም። ደግሞስ በምትኩ «ሥርዓተ መረጃ ተቋርጧል» ብንል ጭጋጉ በግዕዝ ይጠና እንደሆነ እንጂ አይገለጥም። በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችውን ወጣት መውቀስም ፍርድ ማጓደል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለእሷም ከዚያ በላይ አልተነገራትም፤ ከማዕከል የደረሳት መልእክት ራሱ «ሲስተም የለም» የሚል ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሰውን ምሬት የምትቀበለው ግን እሷ ናት።

ሊለወጥ የሚገባው ዓረፍተ ነገሩ ነው። «ከ3፡20 ጀምሮ የቴሌኮም መስመር ተቋርጧል፤ ለጥገና ክፍል አሳውቀናል፤ ከ8 ሰዓት በፊት እንደማይመለስ ተነግሮናል» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ መለጠፍ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ሥራውን አያስቀጥልም፤ ችግሩ የቱ እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን ይናገራል። ሕጉም ወደዚህ ያዘነብላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሆንና ምክንያቱን እንዲገልጽ ያዝዛል። ክፍተቱ «ሲስተም የለም» እንደ ውሳኔ አለመቆጠሩ ነው፤ ውሳኔ ካልሆነ ምክንያት አይጻፍለትም፤ ካልተጻፈ ይግባኝ አይባልበትም። ባለጉዳዩ ግን እንደ ተከለከለ ሰው ነው የሚመለሰው።

ይህ ክፍተት ገንዘብ የሚያስከፍለው የጊዜ ገደብ ባለው ጉዳይ ላይ ነው። በግብር መክፈያ ወይም በፈቃድ ማሳደሻ የመጨረሻ ቀን መስኮት ላይ ቆሞ ሲስተም የለም የተባለ ነጋዴ በማግሥቱ ሲመለስ ቅጣት ተሰልቶ ይጠብቀዋል። ቅጣቱን ያሰላው ያው ሲስተም ነው፤ ቀኑ ማለፉን መዝግቧል፤ ራሱ በዚያ ቀን እንዳልነበረ ግን የሚመዘግብበት ቦታ አልተበጀለትም። ስለዚህ እንዲህ ባለው ቀን ባለጉዳዩ ስሙን፣ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ ያልተስተናገደበትን ምክንያት የያዘ ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠኝ ብሎ ቢጠይቅ፣ መሥሪያ ቤቱም ይህን መስጠት የአገልግሎቱ ክፍል ቢያደርገው፣ ቢያንስ ቅጣቱ እንዲነሣለት የሚያመለክትበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።